ባለቤት ያጣው ግንድ

ይቺ ልጅ እዚያ ሰሜን አገር ሄዳ አንድ ቀን ብትታመም፣ ማን ነው ትኩስ ነገር የሚያቀምሳት?

እማማ ዶራታ ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ከነሳቸው ከርሟል። ለቅዱስ ሚካኤል አቅርበውት ነበር፤ ከገደሉ አፋፍ፣ ከአለቱ ሆድ በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያኑ ተንበርክከው ሻማ አብርተው ጠይቀውታል። አልመለሰላቸውም። ለጎረቤታቸው ለፓስኩዋም አንስተውላት ነበር። ፓስኩዋ ለመልስ ከቅዱስ ሚካኤል ትፈጥናለች።

"ምን ያስጨንቅዎታል እማማ? እዚያ ያለው ምግብ የበቆሎ ገንፎ ብቻ አይደል? ብትታመምም ባትታመምም ያንኑ ነው የሚያጎርሷት!" ብላ ከት ብላ ሳቀች።

እማማ ዶራታ አልሳቁም። እሳቸው በዚህ ነገር መሳቅ አይሆንላቸውም።

ሚኬሊና የልጃቸው የሮኮ ልጅ ናት። እናቷ ገና ጡት ሳትተው ስለሞተችባት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ንፋስ እንዳይመታት በር ሲዘጉ፣ ስትሮጥ "ወደዚህ! ወደ ግድግዳው!" እያሉ ሲጣሩ ሃያ አንድ ዓመት አለፋቸው። የዚያች የደቡብ አገር የገደል አፋፍ ከተማ፣ የግራቪና ልጅ የሚያድገው እንዲህ ነው። ቤቱ ግማሹ የተገነባ፣ ግማሹ ከድንጋዩ የተፈለፈለ ነው፤ በሩ የሚከፈተው በጠባብ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ቁልቁለቱም የሚያልቀው ገደሉ ላይ ነው። ኳስ ያመለጠው ልጅ ኳሱን አያገኘውም። ብርቱካን ያመለጣት ሴትም ሲንከባለል እያየች ትቆማለች።

የጭንቀታቸው ምክንያት፣ ኤቶሬ የሚባለው ልጅ፣ የመጣው በጸደይ ነበር። ከሰሜኑ ከተማ ከቤርጋሞ ገመድና ፋኖስ ተሸክመው፣ ከከተማው ሥር ያሉትን ዋሻዎች ሊያዩና ሊለኩ ከመጡት ተማሪዎች አንዱ ነው። የእማማ ዶራታ ቤት ከታቹ የወይን ጠጅ ማኖሪያ ዋሻ አለው፤ ከዚያ ሥር ደግሞ ማን እንደቆፈረው የማይታወቅ የውኃ ጉድጓድ። ልጁ ባርኔጣውን አውልቆ ፈቃድ ጠየቀ። ትሕትናው ደስ አላቸው፤ ቅጥነቱ ግን አሳሰባቸው። ፋኖስ የምትይዝለት ሚኬሊና ሆነች። እሳቸው ጉልበታቸው ደረጃውን ስለማይወርድ፣ ከላይ ከዋሻው አፍ ወንበር አስጠግተው ተቀመጡ። በየጥቂቱም፦

"ሚኬሊና! እዚያው ናችሁ?"

"እዚሁ ነን እማማ! የት እንሄዳለን፣ ግድግዳ ነው!"

እማማ ዶራታ ሁለቱ አያውቁትም ብለው ያሰቡት ነገር ነበር። ያ ዋሻ ድምፅ አይደብቅም። ከታች በሹክሹክታ የተባለ ሁሉ አለቱን ተከትሎ ይወጣና ከላይ ላለው ሰው ጆሮ ጥርት ብሎ ይደርሳል። ስለዚህ እማማ ዶራታ ሁሉንም ሰሙ። ነጩ የድንጋይ ዱቄት የልጁን ፀጉርና ቅንድብ ሸፍኖት ኖሮ፣ ሚኬሊና ፋኖሱን ከፍ አድርጋ ስትስቅ ሰሙ።

"ሰባ ዓመት ሲሞላህ እንዲህ ልትመስል ነው ማለት ነው።"

"እንግዲያው መጨረሻዬን አይተሻል" አላት፤ "ከወደድሽው ወስኚ።"

ከዚያ በኋላ ከታች ምንም ድምፅ አልመጣም። እማማ ዶራታ መጥራት ነበረባቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን አልተጣሩም። ለምን እንዳልተጣሩ ዛሬም አያውቁትም።

በጋውን ሙሉ ደብዳቤ ሲመጣ ቆይቶ፣ አሁን ለቅዱስ ሚካኤል በዓል ልጁ ራሱ መጣ። ገደሉን ከሚያሻግረው ድልድይ ማዶ ከአንዲት መበለት ቤት አልጋ ተከራየ። ማምሻውን ሚኬሊና ከምንጭ ስትመለስ አግኝቷት "በዚህ ጊዜ የመጣሁት በእናንተ ደንብ ልገባ ነው" አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ ብትወተውተው ፈገግ ብሎ ዝም አለ። እሷ ቄሱን ወደ አባቷ ሊልክ መሰላት። እስኪነጋ አልተኛችም፤ አጠገቧ የሚተኙት አያቷም አብረው ሲገላበጡ አደሩ። አንዷ በደስታ፣ አንዷ በጭንቀት፤ አልጋው ግን አንድ ነው።

*

በዋዜማው ጧት እማማ ዶራታ በሩን ሲከፍቱ እግራቸው ከአንድ ነገር ተላተመ።

ግንድ ነው። ወፍራም የባሉጥ ዛፍ ግንድ፣ ጫፉ በመጥረቢያ ተስተካክሎ፣ ወገቡ በቀይ ጥለት የታሰረ።

አሁን አሁን ይህን የሚያደርግ ሰው እየጠፋ ነው፤ ደንቡን ግን የማያውቅ የለም። ልጅቷን የፈለገ ሰው ሳይነጋ ግንድ በበሯ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ቤተሰቡ ግንዱን ወደ ውስጥ ካስገባ ልጅቷ ተሰጠች፤ ገፍቶ ቁልቁል ከለቀቀው አልተሰጠችም፤ ሌላ ንግግር የለም። የማን ግንድ እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ በእናት ነው። ጧት ላይ የልጁ እናት በዚያ በር ታልፋለች፣ ቆም ትልና "እንደምን አደራችሁ" ትላለች። በዚህ ያበቃል።

እማማ ዶራታ በሩን ተደግፈው ቁልቁለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች አዩ። ማን ይመጣ ይሆን?

ወይዘሮ ኤርሲሊያ መጣች።

የዘይት መጭመቂያው ባለቤት ሚስት ናት፤ ሮኮ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሠራው ለእነሱ ነው። ጥቁር ሐር ለብሳ፣ የበዓሉን ሻማ በክንዷ ታቅፋ፣ ልክ ከበሩ ፊት ስትደርስ ቆመች። ግንዱን አየች። እማማ ዶራታን አየች። ፈገግ አለች።

"እንደምን አደሩ እማማ ዶራታ። ቀኑ ደስ ይላል።"

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ" አሉ፤ ድምፃቸው ከየት እንደወጣ እንጃ።

ሴትዮዋ አልፋ ሄደች።

የልጇ የኮሲሞ ነው እንግዲህ! ያ በቅሎ እስክትንበረከክ ገርፎ ከት ብሎ የሳቀው ኮሲሞ። ሚኬሊናን ምንጭ ዳር መንገድ ዘግቶ "አባትሽ የኛ ሰው ነው፤ አንቺም የትም አትደርሺም" ያላት ኮሲሞ። ሮኮ ቢሰማ ምን ያደርጋል? ጌቶቹን ይፈራል፤ አንገቱን ደፍቶ ግንዱን ያስገባል። ምሳ ሰዓት ሲመጣ ግንዱን በሩ ላይ ያገኘዋል። ያገኘዋል!

ፓስኩዋ ፊት ለፊት ካለው መስኮቷ ግማሽ አካሏን አውጥታ ነበር።

"እማማ! ቀይ ጥለት ነው ያሰሩበት? ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ! ታዲያ ሮኮን አይጠብቁም?"

"ሮኮ ይፈራል።"

"እርስዎስ?"

"እኔማ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራ ኖሬ ደክሞኛል" አሉ እማማ ዶራታ።

ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ግንዱን በእግራቸው ገፉት። አልነቃነቅ አለ። በሁለት እጃቸው ገፉት። ፓስኩዋ ከመስኮት "ከወፍራሙ በኩል! ከወፍራሙ በኩል ይግፉት!" ትላለች። ደጁን ስትጠርግ የነበረች ሌላ ጎረቤት መጥረጊያዋን ጥላ "ዞር በሉ፣ መጣ!" እያለች ልጆች ታሸሻለች። ግንዱ አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፤ ከዚያ ማንም የማያቆመው ሆነ። እየዘለለ፣ ዶሮ እየበተነ፣ የሰው ገንቦ አንድ ጊዜ ገጭቶ ወረደ። ከታችኛው ግንብ ላይ ተነሥቶ ተሰወረ። ዝም አለ። ከዚያ ከገደሉ ሥር ድምፁ መጣ።

"ሂድ!" አሉ እማማ ዶራታ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው ራሳቸውም አያውቁም ነበር። "ለላከህ ንገር! የኔ ልጅ በቅሎ አይደለችም!"

ሚኬሊና እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ እንደያዘች ሮጣ ወጣች።

"ምንድን ነው? ምን ወደቀ?"

"ግንድ ነው ልጄ። የኮሲሞ ግንድ።"

ልጅቷ ክው ብላ ቀረች። ቀጥሎ ነገሩ ገባትና አያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ግንባራቸውን ሳመች፣ አቧራ የያዙ እጆቻቸውን አገላብጣ ሳመች።

"አዳኑኝ እማማ! አባቴ ቢሆን ኖሮ... አዳኑኝ!"

እማማ ዶራታ እያለቀሱ ሳቁ። ከገደሉ ማዶ፣ ከድልድዩ ጫፍ አንድ ሰው ቆሞ ወደ እነሱ ያይ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ ለመብል ቀንድ አውጣ የሚለቅም ሰው መሰላቸው። ደግሞስ ማን ልብ ይለዋል? ከስንት ጊዜ በኋላ ደረታቸው ላይ ያ ሁልጊዜ የሚጫናቸው ነገር አልነበረም።

*

ምሳ ሳይቀርብ ወይዘሮ ኤርሲሊያ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። በዚህ ጊዜ "እማማ" አላለችም።

"ዶራታ! ነይ ውጪ!"

ሰው ተሰበሰበ። ፓስኩዋ መስኮቷ አልበቃት ብሎ ወርዳ በሯ ላይ ቆመች።

"የልጄን ግንድ ገደል ሰደድኩት ብለሽ አውርተሻል አሉ። የኔን ልጅ? የኮሲሞን?"

"በበሬ ላይ ሲቀመጥ ምን ላድርገው?" አሉ እማማ ዶራታ፤ አገጫቸው ቀና እንዳለ ነው።

"ኮሲሞ በዚህ ዋሻ በር ላይ ግንድ ሊያስቀምጥ?" ሴትዮዋ ሻማዋ እስኪወዛወዝ ሳቀች። "የኮሲሞ እጮኛ ከነመሬቷ አልታሙራ ከተማ ተቀምጣለች! ለገና ነው ሠርጉ! አይ ዶራታ፣ ያልተለመነ እንቢ ሲል ዛሬ አየሁ!"

"ታዲያ ጧት እበሬ ላይ ለምን ቆሙ?"

"ትንፋሽ አጥሮኝ ነዋ! ይህ አቀበትና ቁልቁለት የሰው መንገድ ነው? ግንድ ባይ ግንድ አየሁ፤ ለልጅቷ ደስ አለኝ፤ ሰላም ብዬ አለፍኩ። ሰላም ማለትም ኃጢአት ሆነ?"

ቆሞ የሚሰማው ሁሉ ሳቀ። ፓስኩዋ እንኳ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ በኋላ አፍራ ወደ ቤቷ ገባች። ወይዘሮ ኤርሲሊያ ሐር ቀሚሷን እያንሿሿች ሄደች።

እማማ ዶራታ በሩን ዘግተው ተቀመጡ። ጆሯቸው ይጮኻል። ከሳቁ ይልቅ አንድ ነገር ነው የቆጠቆጣቸው፤ የኮሲሞ ካልሆነ ያ ግንድ የማን ነው?

ከጓዳ ሳህን ወድቆ ተሰበረ። ሚኬሊና ቁርጥራጩ መሃል ቆማለች፤ ፊቷ ደም የለውም።

"'በእናንተ ደንብ' ብሎኛል" አለች ቀስ ብላ። "'በእናንተ ደንብ ልገባ ነው' አለኝ እኮ እማማ።"

ያን ጊዜ እማማ ዶራታ ያን ቀንድ አውጣ ለቃሚ አስታወሱት፤ ቁመቱን፣ አቋቋሙን፣ ቅጥነቱን።

*

ሮኮና ኤቶሬ በሩ ላይ ተገናኙ። ሮኮ ከመጭመቂያው የመጣው ወሬው ቀድሞ ስለደረሰው ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ኤቶሬ ባርኔጣውን ይዟል፤ ቀኝ መዳፉ በመሐረብ ተጠቅልሏል፤ ጣቶቹ በመጥረቢያ እጀታ ተልጠው ቆስለዋል። እንጨት ቆርጦ የማያውቅ ሰው ጫካ ወርዶ፣ ያን የሚያህል ግንድ ብቻውን ተሸክሞ ድልድይ መሻገሩ ከእጁ ይነበባል። እማማ ዶራታ እጁን ሲያዩ ማልቀስ አማራቸው።

"ልሰናበት ነው የመጣሁት" አለ። ለሁሉም ነው የተናገረው፤ ሚኬሊናን ግን አላያትም። "መልሳችሁን በዓይኔ አይቻለሁ። አልከራከርም። ሳልሰናበት መሄድ ግን ብልግና መሰለኝ።"

"ያንተ መሆኑን አላወቅንም!" አለች ሚኬሊና።

"እንዴት አላወቃችሁም? ደንቡ ነው አሉኝ እኮ።"

"ማን አለህ?"

"ፀጉር አስተካካዩ። ግንድ፣ ቀይ ጥለት፣ ሳይነጋ..."

"እናትህ ማለፍ ነበረባት!"

"እናቴ ያለችው ቤርጋሞ ነው!"

ሌላ ቀን ቢሆን ፓስኩዋ በዚህ ለሳምንት ትስቅበት ነበር። አሁን የሚስቅ የለም። ሚኬሊና ወደ እሱ አንድ እርምጃ ሄደች፤ ቁጣና ፍቅር አንድ ላይ ሲመጡባት ፊቷ እንዴት እንደሚያምር ያየው ያ ምስኪን ልጅ ባርኔጣውን ይጨብጥ ያዘ።

"ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ማታ እኮ ጠይቄሃለሁ። ለምኜሃለሁ!"

"በእናንተ ደንብ ልምጣ ብዬ ነው። ባዕድ ነው፣ ያለወጉ መጥቶ ወሰዳት እንዳይሉ። ላንቺ ክብር ብዬ።"

"የኔ ደንብ መናገር ነው! ጉድጓድ ውስጥ ስትናገር ነበር። ምነው ብርሃን ላይ ስትወጣ ዝም አልክ?"

ልጁ ያን ጊዜ አያት። የተያዩት ትንሽ ነው፤ ግን እማማ ዶራታ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ የሰው መኝታ ቤት የገቡ ያህል አፈሩ።

"ሮኮ" አሉ፤ "ጥፋቱ የኔ ነው። እንቢ ያልኩት ይህን ልጅ አይደለም። ሌላ ሰው መስሎኝ ነው። ሁለቱንም ተመልከታቸው እስቲ።"

ሮኮ አልተመለከታቸውም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ከዚህ በር የወረደ ግንድ ተመልሶ አይገባም።"

"ሌላ እቆርጣለሁ" አለ ኤቶሬ ፈጥኖ። "ዛሬውኑ ጫካ እወርዳለሁ።"

"ሌላም አይገባም። እንቢ የተባለ ሰው እንቢ ባለው በር ሁለተኛ አይመጣም። እኔ ያወጣሁት ሕግ አይደለም፤ አባቶቻችን የኖሩበት ነው።"

"እንቢ የተባልኩት እኮ እኔ አይደለሁም!"

"መንደሩ ያየው ግንዱን ነው፤ ያንተን ልብ አይደለም።" ሮኮ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ያ ነው የከፋው። "ዛሬ በሳቅ አለቁብኝ። የሀብታም ልጅ ናቀች ተባለ፤ ቀጥሎ የሀብታም ልጅ አልፈለጋትም ተባለ። ነገ ደግሞ የጣለችውን ግንድ ከገደል ለቅማ አገባች ይባልልኝ? አንተ ባቡር ተሳፍረህ ትሄዳለህ። እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ።"

"እኔስ?" አለች ሚኬሊና። "አባባ፣ እኔስ የት ነው የምኖረው?"

ኤቶሬ በሩ ላይ ቆሞ ቆየ። አንድ ሰው አንድ ቃል ቢናገረው የሚቀመጥ ይመስል ነበር።

"ዛሬ ከማታው ጸሎት ደወል በፊት በሚነሳው ባቡር እሄዳለሁ" አለ በመጨረሻ።

ሚኬሊና ጠበቀች። ሁሉም ጠበቁ።

"ተከተይኝ አትለኝም?" አለችው።

"አባትሽ ፊት ልበልሽ? እንደ ሌባ ሰርቄ አልወስድሽም ሚኬሊና። በዚህ በር ነው የመጣሁት፤ በዚህ በር ቢሰጡኝ ነበር ደስታዬ።" ባርኔጣውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። "ብወስድሽ ነገ ስምሽን ምን ያደርጉታል? እኔ ምክንያት ልሁን?"

ምን ዓይነት ጨዋነት ነው ይሄ! እማማ ዶራታ በልባቸው ጮኹ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ባለጌ ሁን እንጂ አንተ ልጅ! ልጁ ግን ጎንበስ ብሎ የእማማ ዶራታን እጅ ሳመ። "ደህና ይሁኑ እማማ፤ ያን ቀን ዋሻው አፍ ላይ ሆነው ስላልተጣሩ አመሰግንዎታለሁ" አላቸው በጆሯቸው፤ ወጣም። እሳቸው እጃቸውን የሚያሳርፉበት አጥተው አየር ላይ ያዙት። ያውቅ ነበር! ሁሉንም እንደሰሙ ያውቅ ነበር!

*

በግራቪና አንዲት ልጅ በጠራራ ፀሐይ ብቻዋን ወደ ባቡር ጣቢያ ከወጣች ያን ቀን የሚረሳው ሰው የለም። የተከተለችውን ሰው ካላገባች በቀር ወደ አባቷ ቤት አትመለስም፤ ብትመለስም እንደ ቀድሞዋ ሆና አይደለም። ይህን ሮኮ ያውቃል፤ እማማ ዶራታ ያውቃሉ፤ ሚኬሊናም ከዚያ ቤት ካለ ሰው ሁሉ በላይ ታውቃለች።

ጓዳ ገብታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። የባቄላው ክክ ከመራራው ጎመን ጋር ሳህን ላይ ቀዝቅዟል፤ ማንም አልነካውም። ሮኮ ዳቦ ቆርሶ ያኝካል፤ አይውጥም።

"ደንቡን ጋሻ አታድርገው ሮኮ" አሉ እማማ ዶራታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የፈራኸው ወሬ አይደለም። እኔ ወለድኩህ፤ አውቅሃለሁ። ባዶ ቤት ነው የፈራኸው። ማታ ስትመጣ መብራት ያላበራ ቤት።"

"እርስዎስ እናቴ?" ሮኮ ቀና አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ድምፁ ግን ደረቅ ነው። "ከጸደይ ጀምሮ 'ብትታመም ማን አለላት፣ ማን ያያታል' እያሉ ሲያለቅሱ አልነበሩም? ይኸው፣ የትም አትሄድም! እዚሁ እርስዎ አጠገብ ናት። ታዲያ ለምን ደስ አላለዎትም?"

ኤቶሬ እጃቸውን ስሞ ሲወጣ እማማ ዶራታን ሐዘናቸው መሃል አንዲት ነገር ተሰምታቸው ነበር፤ ቅንጣት የምታህል። እንግዲህ ትቀርልኛለች የምትል። ሮኮ ያቺን ነው የነካባቸው። ፊታቸው ጋለ። ከጓዳ ውስጥ የውኃው ድምፅ ቆመ፤ ልጅቷ ሰምታለች።

ማብራራት ነበረባቸው። ገብተው "አይደለም ልጄ፣ አባትሽ ተናዶ ነው" ማለት ነበረባቸው። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወስደው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሁልጊዜ እንደሚቀመጡት፣ ጉልበታቸው ከጉበን እስከ ጉበን መተላለፊያውን ዘግቶ። ውጭ ሰው ለበዓሉ ይዘጋጃል፤ ልጆች ይጮኻሉ፤ ፓስኩዋ ብቅ ብላ አየቻቸውና እንደ ልማዷ ሳታሾፍ ተመልሳ ገባች።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ሚኬሊና ከጓዳ ወጣች። ፀጉሯን አበጥራለች። የበዓል ጫማዋን አድርጋለች። ያለ ሻንጣ፣ ያለ ጥቅል፣ ባዶ እጇን ናት።

"ወዴት ነው?" አለ ሮኮ።

አልመለሰችለትም። አጠገቡ ስትደርስ ቆመች፤ ጎንበስ ብላ አናቱን ሳመችው። የሮኮ እጅ ከጠረጴዛው ተነሣ፤ ይይዛት ይመስል ነበር። ዳቦው ላይ ተመልሶ ወደቀ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ወደ በሩ መጣችና አያቷ ፊት ቆመች። ጥላዋ በእማማ ዶራታ ጭን ላይ አረፈ። ቀና ብለው አዩዋት። የሚሉት ብዙ ነበራቸው። እዚያ ብርድ ነው፣ ጋቢ ቢጤ ደርቢ ሊሏት ነበር። ባዶ ሆድሽን ነሽ፣ ቆይ ትንሽ ቅመሺ ሊሏት ነበር። አትሂጂብኝ ሊሏትም ነበር፤ እሱ ከሁሉ ቀድሞ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ቆሟል። ቢናገሩት እንደምትቀር ያውቃሉ። ይህች ልጅ በእሳቸው ጉልበት ላይ ተራምዳ አትሄድም፤ ከዚህች አንዲት ነገር በላይ እርግጠኛ የሆኑበት ነገር የላቸውም።

ከንፈራቸውን ነከሱ። ሁለት እጃቸውን ወንበሩ ላይ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየጮኸባቸው፣ ቀስ ብለው ተነሡ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጉት።

ሚኬሊና የአያቷን ጉንጭ በመዳፏ ነካች፤ መዳፏ ገና የዕቃ ማጠቢያው ውኃ እርጥበት አለው። ከዚያም ወጥታ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ ያዘች።